ትልቋን ፖምፓ የገደለች ትንሿ ፖምፓ

በዚህ ገጽ ላይ ስለ አገር ጉዳይ ብዙ ይጻፋል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት የናፍጣ ፖምፓ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ግን በስደት ዓለም መሪ ጨብጦ ልጆቹን የሚያሳድግ፣ አገር ቤት ላሉት ወላጆቹ የሚልክ ወገናችን ቁጥሩ ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ታክሲ ነዳን፤ ቀጥሎ ወደ ጭነት ተሸጋገርን፤ ዛሬ መኪናችን ስትቆም ቤታችንም አብሮ ይቆማል። እኔን ሁለት ጊዜ ያቆመኝ ነገር ሌላውን እንዳያቆመው በማሰብ ነው ብዕር ያነሣሁት።

የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው በኦሮራ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አንዲት የ2001 ሞዴል ዶጅ ራም 2500 ገዛሁ። ሞተሯ ባለ 5.9 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደርና ባለ 24 ቫልቭ የከሚንስ ናፍጣ ሞተር ነው። ስገዛት 190 ሺህ ማይል ሄዳለች። ከኋላዋ ሁለት መኪና የሚሸከም ተሳቢ ቀጥዬ ከጨረታ ግቢ መኪና እያነሣሁ ለነጋዴዎች አደርስ ጀመር። ለሦስት ዓመት ያህል እሷም አላሳፈረችኝም፣ እኔም የሞተር ዘይቷን ሳላስተጓጉል ቀየርኩላት። ስለ ናፍጣዋ መንገድ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

በ2017 መጋቢት ላይ ጠባይዋ ተለወጠ። ጠዋት በደንብ ትነሣለች፤ ሞተሯ ከጋለ በኋላ አጥፍቼ ላስነሣት ስል ግን ሞተሪኖው እየዞረ እሷ እምቢ ትላለች። አንዳንዴም ነዳጅ ስረግጥ ፔዳሉ የሞተ ያህል ምንም ምላሽ አይሰጥም። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። በኮምፒዩተር አይተው «ፒ0216» የሚል ቁጥር አወጡና «ኢንጄክሽን ፖምፓዋ አልቋል» አሉኝ። ለፖምፓው 1,180፣ ለእጅ ሥራ 620፣ በድምሩ 1,800 ዶላር ከፈልኩ። ገንዘቡ የዚያን ወር የደረሰኝ ዕቁብ ነበር። ባለቤቴ ለእናቷ መታከሚያ ይሆናል ብላ ስትጠብቀው የነበረ ዕቁብ ነው።

ስምንት ወር አልቆየም።

በተራራው ላይ

ኅዳር ወር ላይ ሁለት መኪና ጭኜ ወደ ግራንድ ጃንክሽን ጉዞ ጀመርኩ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጆርጅታውንን ካለፋችሁ በኋላ አይ-70 አውራ ጎዳና እየጠመዘዘ ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ይወጣል። ዋሻው ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዳገቱን አጋምሼ ነዳጅ ብረግጥ መኪናዋ ተንገጫገጨች፤ ጉልበቷ ከዳት፤ ጠርዝ ላይ ስደርስ ጠፋች። በረዶ መጣል ጀምሮ ነበር። ጎታች መኪና እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ጠበቅሁ። 475 ዶላር ለጎታቹ ከፈልኩ፤ የጭነቱ ሂሳብ 700 ዶላር ለሌላ ሰው ሄደ፤ ደንበኛውም በዚያው ቀረ።

ወደ ጋራዡ ተመለስኩና ዋስትና እንዳለኝ ነገርኳቸው። ፖምፓዋን ፈትተው ካዩ በኋላ «ይህቺ የሞተችው ናፍጣ አጥታ ነው። ዋስትናው እንዲህ ዓይነቱን አይሸፍንም» የሚል መልስ ሰጡኝ። «ታዲያ አዲሷን ስትገጥሙ ናፍጣ የሚደርሳት መሆኑን ማየት የማን ሥራ ነበር?» ብዬ ብጠይቅ መልስ የሰጠኝ የለም። በእርግጥ ጥፋቱን ሁሉ በእነርሱ ላይ ብቻ መጣል አልፈልግም። እኔም ብሆን ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ፊልትሮ ብቻ ነበር የቀየርኩት።

«ናፍጣውን ማን ነው የሚያቀብላት?»

መኪናዋን አስጎትቼ ቤቴ በር ላይ አቆምኳት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሠፈራችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አዛውንት ቆመው አዩኝ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያና በደርግ ጊዜ በአሰብ መንገድ ላይ ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢዋ የነዱ ሰው ናቸው። ጣርማ በርን፣ ኮምቦልቻን፣ ባቲን፣ ሚሌን እንደ ጓዳቸው ያውቋቸዋል። የሆነውን ሁሉ አጫወትኳቸው። ካዳመጡኝ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ትልቋን ፖምፓ ሁለቴ ለወጥክ። ለመሆኑ ናፍጣውን ማን ነው የሚያቀብላት?»

አላውቅም አልኳቸው።

«ልጄ፣ ላም ወተት የምትሰጠው ሣር ስትበላ ነው። አንተ ላም ትቀያይራለህ እንጂ ሣሩን አላየህላትም። እኛ በረሃ ላይ መኪና እምቢ ሲለን አስቀድመን ትልቋን ፖምፓ አንነካም። ከታንኩ እንጀምራለን፤ ቱቦውን፣ ፊልትሮውን፣ አቀባይዋን ፖምፓ እያየን እንመጣለን። ጌጅ አልነበረንም፤ ጌጃችን ጆሯችን ነበር። እናንተ ደግሞ ራዲዮ ከፍታችሁ ነው የምትነዱት።»

ከአንድ ወጣት መካኒክ የግፊት መለኪያ ጌጅ ተውሰን በትልቋ ፖምፓ መግቢያ ላይ አሰርን። በዚህ ሞተር ላይ ሞተሪኖውን ነካ አድርጎ መተው ትንሿን ኤሌክትሪክ ፖምፓ ለ25 ሰከንድ ያህል ያሠራታል። ነካሁት። ጌጁ 4 ፒኤስአይ (በአንድ ስኩዌር ኢንች ላይ 4 ፓውንድ ግፊት ማለት ነው) ላይ ቆሞ ቀረ። ሞተር ሳይሠራ፣ ጭነት ሳይኖር፣ ዳገት ሳይወጣ 4! ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገዳይዋ ይኸውልህ» አሉኝ።

የሁለቱ ፖምፓዎች ነገር

እንግዲህ ነገሩን በሚገባ ለማስረዳት ያህል፣ በናፍጣ ሞተር ላይ በአብዛኛው ሁለት ፖምፓ አለ። ትንሿ ናፍጣውን ከታንክ አንሥታ በፊልትሮ በኩል ታቀብላለች። ትልቋ፣ ማለትም ኢንጄክሽን ፖምፓ፣ የተቀበለችውን በከፍተኛ ግፊት ለየሲሊንደሩ ታከፋፍላለች። ከ1998 አጋማሽ እስከ 2002 በተሠሩት የራም ናፍጣ መኪናዎች ላይ ያለችው ትልቋ ፖምፓ ቪፒ44 ትባላለች። ለውስጧ ማለስለሻም ማቀዝቀዣም የሚሆናት ራሱ ናፍጣው ነው። ከምትቃጠለው በላይ የሆነ ናፍጣ በውስጧ ያልፍና ሙቀቷን ይዞ ወደ ታንክ ይመለሳል። የመመለሻው ቫልቭ የሚከፈተው ግፊቱ ወደ 14 ሲጠጋ ነው። ስለዚህ አቀባይዋ ስትደክም ትልቋ ትራባለች ብቻ ሳይሆን ትግላለች፤ ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ በላይዋ ላይ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳም በሙቀት ይጎዳል።

ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ትንሿ ፖምፓ ፈጽማ ብትሞት እንኳ መኪናዋ ወዲያው አትቆምም። ትልቋ ራሷ እየሳበች ሥራዋን ትቀጥላለች። በዳሽቦርዱ ላይ የሚበራ መብራት የለም። ሹፌሩ ደኅና ነኝ ብሎ ይነዳል፤ እሷ ውስጥ ውስጡን ታልቃለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ተረት ለሰው ብቻ አይደለም።

መካኒኮች የሚሠሩበት ልማድ በጭነትና በዳገት ላይ ግፊቱ ከ10 ፒኤስአይ በታች እንዳይወርድ ነው። ከ20 በላይም እንዲወጣ አይመከርም፤ የዘንጉን ማኅተም ሊጎዳ ይችላልና።

ምርጫው

አሁን ጥያቄው የትኛዋን ልግዛ የሚለው ሆነ። ሦስት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው በነበረችው ቦታ፣ ማለትም በሞተሩ ጎን፣ የነበረችውን የምትመስል በርካሽ የምትሸጥ ፖምፓ መግጠም ነው። ዘጠና ዶላር የሚሏት አጋጥማኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እጄ ወደ ኪሴ ሄዶ ነበር። ጋሼ ግን «ከሞተሩ ሙቀትና ንዝረት ላይ ተለጥፋ፣ ከሩቅ ታንክ ናፍጣ እንድትስብ ትጠይቃታለህ። ፖምፓ መግፋት እንጂ መሳብ አይሆንላትም» አሉኝ። ሁለተኛው በታንኩ ውስጥ የሚቀመጥ ፖምፓ ነው። እሱ ንዝረትና ሙቀት አያገኘውም፤ ነገር ግን ሲበላሽ መንገድ ላይ ልትደርስበት አትችልም። ሦስተኛው በሻንሲው ላይ፣ ከታንኩ አጠገብ የሚታሰር ከነፊልትሮው የተሟላ ፖምፓ ነው። እኔም ይህንን መረጥኩ።

እንደ ፋስና ኤርዶግ ያሉት ሠሪዎች የሚያወጧቸው እነዚህ ፖምፓዎች በሰዓት ስንት ጋሎን ያቀብላሉ በሚል ይለያያሉ፤ 100፣ 150፣ 165 የሚሉ አሉ። ብዙ ሰው ትልቁን ቁጥር ይገዛል። እኔ የሞተሬን ጉልበት አልጨመርኩም፤ ስለዚህ 100 ጋሎኑ ይበቃኛል። ፖምፓ ስለተለቀ ብቻ ሞተር የፈረስ ጉልበት አይጨምርም፤ የሚያስፈልገውን ናፍጣ ካገኘ አገኘ ነው።

ከመግዛቴ በፊት የጠየቅኋቸው ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው። የሚሰጠው ግፊት ለእኔ ዓመትና ሞተር የተወሰነ ነው ወይ? ውኃን የሚለይ ፊልትሮ አለው ወይ? በናፍጣው ውስጥ የተቀላቀለውን አየር ለይቶ ወደ ታንክ ይመልሳል ወይ? ፊልትሮው በየትኛውም መለዋወጫ ሱቅ ይገኛል ወይስ ከሠሪው ብቻ? የኤሌክትሪክ መስመሩ ከመኪናዋ ሶኬት ጋር ሳይቆረጥ ይገጥማል ወይ? የመጨረሻው፣ ዋስትናው የሚፈርሰው በምን በምን ምክንያት ነው? የፊተኛው ስህተቴ ይህችን ጥቃቅን ጽሑፍ አለማንበቤ ነበር።

አቀባይዋ 680 ዶላር፣ የግፊት ጌጁ ከነሽቦው 140 ዶላር፣ የታደሰችው ትልቋ ፖምፓ 1,150 ዶላር ሆኑ። ባለቤቴ ሂሳቡን አይታ «140 ዶላር የሚያወጣው ጌጅ ባለፈው መጋቢት ቢኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ ይመጣ ነበር?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው

ታንኩን ከታች ከማውረድ ካሶኒውን ከላይ ማንሣት ይቀላል። ዋዜማውን የዛጉትን ብሎኖች ዘይት አጠጣናቸው። በማግስቱ የባትሪዎቹን ገመድ ነቀልን፤ የኋላ መብራቶቹን ሶኬትና የናፍጣ መሙያውን አንገት ፈታን፤ የኋላውን መዝጊያ አወጣን። ከዚያም አምስት የሠፈራችን ልጆች መጥተው ካሶኒውን ብድግ አድርገው ሣሩ ላይ አስቀመጡት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይኸው ነው። ባለቤቴ ቡና አፈላች፤ ሥራው ግማሽ ሥራ ግማሽ ጨዋታ ሆነ።

ታንኩን ከመክፈታችን በፊት ጋሼ አናቱን በብሩሽና በጨርቅ አስጠረጉኝ። «አንዲት አሸዋ ሺህ ዶላር ናት» ነበር ያሉት። በመለኪያው ክዳን ላይ ቀዳዳ በስተን አዲሱን የመሳቢያ ቧንቧ ገጠምን፤ ብናኙን በቫኪዩም መጠጥን። ቧንቧው ታንኩ ወለል ላይ እንዳይቀመጥ ጫፉን አግድመን ቆረጥነው፤ ከወለሉ የአንድ ኢንች ያህል ክፍተት ተውንለት። ወለሉ ላይ ውኃና ዝቃጭ ይተኛልና።

ፖምፓዋን በሾፌሩ በኩል በሻንሲው ላይ አሰርናት። አዲሱ ቱቦ ግማሽ ኢንች ስፋት ያለው፣ ለናፍጣ የተሠራ ነው፤ ለውኃ የሚሆን ጎማ በናፍጣ ይበላል። ከማርሚታውና ከሚሽከረከረው ዘንግ አርቀን፣ በየቦታው አስረን ወደ ፊት ወሰድነው። ሽቦውን በተመለከተ፣ የድሮዋ ፖምፓ ሶኬት ሪሌውን እንዲያዝዝ ብቻ አድርገን፣ ዋናውን ኃይል በፊውዝ በኩል በቀጥታ ከባትሪ ሰጠናት። ጌጁን ሹፌሩ የሚያየው ቦታ ላይ ገጠምን፤ ናፍጣ ወደ ጋቢና እንዳይገባ ኤሌክትሪክ ሴንሰር ያለው ዓይነት ነው የመረጥነው።

እዚህ ላይ አንድ ስህተቴን ልናገር። የመገጣጠሚያዎቹን ጥርስ በነጩ የቧንቧ ፕላስተር ጠቅልዬ ሳጠብቅ ጋሼ አዩኝና «ፍታው!» አሉ። የዚያ ፕላስተር ብጫቂ ተቆርጦ ከፊልትሮው ወዲህ ከገባ ቀጥታ ወደ ትልቋ ፖምፓ ነው የሚሄደው። ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ ለናፍጣ በሚሆን ፈሳሽ ማሸጊያ ደግሜ ሠራሁት።

ትልቋን ፖምፓ ጌጅ ያዋሰን ወጣት መካኒክ ቀየረልኝ። አየሩን ለማስወጣት ሞተሪኖውን ነካ እያደረግን ትንሿን ደጋግመን ካሠራን በኋላ፣ የ1ኛውን፣ የ3ኛውንና የ4ኛውን ሲሊንደር የኢንጄክተር ቱቦ ዳዶ አላላን፤ ሞተሪኖውን አዞርን፤ ናፍጣ ሲወጣ አጠበቅን። አደራ! ከዚያ ቱቦ የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ ወግቶ ይገባል፤ ከገባም የሐኪም አስቸኳይ ሥራ ነው። እጃችሁን አታስጠጉ። ከ2003 ወዲህ ያሉት ኮመን ሬይል የሚባሉት ሞተሮች ግፊታቸው ከ20 ሺህ ፒኤስአይ በላይ ስለሚደርስ በእነርሱ ላይ ይህን ማላላት ፈጽሞ አይሞከርም።

ሞተሩ ተነሣ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ጌጁ 17 አሳየ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን ወደ 9 ወርዶ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ልቤ ወደቀ። መኪናዋ ሥር ገብቼ ብፈልግ የሚንጠባጠብ ናፍጣ የለም። ጋሼ ግን ሳይደናገጡ «በመግፊያው በኩል የላላ ቱቦ ያንጠባጥባል፤ በመሳቢያው በኩል የላላ ግን አያንጠባጥብም፣ አየር ይስባል። ስለዚህ የማይንጠባጠበውን ፈልግ» አሉኝ። እውነትም በታንኩ አናት ላይ ያለችው አንዲት ፋሼታ አልጠበቀችም ነበር። ሁለት ዙር አጠበቅኋት። ጌጁ ተመልሶ 17 ላይ ረጋ። ካሶኒውን የመለስነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀድመን መልሰን ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ነገር ደግመን እናነሣ ነበር።

እንደገና በተራራው ላይ

በታኅሣሥ መጀመሪያ ሁለት መኪና ጭኜ ያንኑ መንገድ ያዝኩ። ጋሼ «እኔም ዳገት ናፍቆኛል» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ጆርጅታውንን አለፍን። የቆምኩባትን ጠርዝ ስደርስ እግሬን እስከ ወለሉ ረገጥኩ። ጌጁ ከ17 ወደ 15 ወረደና እዚያው ቆመ። መኪናዋ ሳትንገጫገጭ ዋሻው በር ደረስን። ጋሼ ራዲዮውን ዘግተው ዳገቱን ሙሉ በጆሯቸው ሲያዳምጡ ነበር። ዋሻው ውስጥ ስንገባ «ይህቺ ጠግባለች» አሉና ራዲዮውን መልሰው ከፈቱልኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በየ10 ሺህ ማይሉ ፊልትሮዎቹን እቀይራለሁ፤ ውኃውን አፈሳለሁ። ትልቋ ፖምፓ እስከ ዛሬ ያቺው ናት። የአማቴም ሕክምና ትንሽ ቢዘገይም በሚቀጥለው ዕቁብ ተፈጸመ።

የናፍጣ መኪና የምትነዱ ወገኖቼ፣ ሞዴሉና ሠሪው ይለያይ ይሆናል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ማንም «ትልቋ ፖምፓ አልቃለች» ቢላችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት «የመግቢያ ግፊቷ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን ሊነግራችሁ ያልቻለ መካኒክ ገና አልመረመረም ማለት ነው። ጌጅ ከሌላችሁ አስገጥሙ። እንደ እኔዋ ያለች መኪና ያላችሁ ደግሞ ነገ ጠዋት ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሡ ጆሯችሁን ስጡ፤ አቀባይዋ ለሁለት ሰከንድ ያህል ስታንጎራጉር ትሰማላችሁ። ድምፅ ካጣችሁ ዳገት አትጀምሩ።

መንገዳችሁን ጨርቅ ያድርግላችሁ።